በቦዩ ዋጋ ውስጥ የሌለ ወጪ

በረሃ ላይ ለሚሰፋ ከተማ የውሃ ወጪ ሲጠና የተለመደው ስሌት ቀላል ነው፤ የቦዩ፣ የግድቡና የፓምፕ ጣቢያው ግንባታ ይደመርና ይደርሳል ለተባለው ውሃ ይካፈላል። የሥራ ማስኬጃው፣ የውሃው ጠባይና ድርቁ በግርጌ ማስታወሻ ይታለፋሉ። የአሜሪካዋ አሪዞና ይህ ስሌት የት እንደሚያደርስ አሳይታለች።

የማዕከላዊ አሪዞና ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1968 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ጸደቀ፤ ግንባታው ከ1973 እስከ 1993 ዘልቆ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ከሀቫሱ ሐይቅ ስቦ፣ በፊኒክስ በኩል እስከ ቱሳን 540 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስዳል። መንገዱ ግን ዳገት ነው፤ ውሃው በጠቅላላው 880 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይገፋል። ፓምፑ ምንም ኃይል ባያባክን እንኳ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ይህን ያህል ለማንሳት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። የግንባታው ወጪ ዕዳው ሲከፈል ያበቃል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ቦዩ እስካለ ድረስ ይከፈላል። ለፓምፖቹ ኃይል ይሰጥ የነበረው የናቫሆ የድንጋይ ከሰል ማመንጫም በ2019 ተዘግቷል።

ትልቁ ዝንጋታ የታየው ቦዩ በሚያበቃበት በቱሳን ነው። የጉድጓድ ውሃ ብቻ ስትጠጣ በኖረችው ከተማ በ1992 የወንዙ ውሃ ተጣርቶ በቀጥታ ወደ ቤቶች ተለቀቀ። ይዘቱ የተለየው ውሃ በአሮጌ የብረት ቧንቧዎች ውስጥ ተጋግሮ የኖረውን ዝገት ፍቆ አወረደው። ከቧንቧው ቡናማ ውሃ ወረደ፣ እጥበት ላይ የነበረ ልብስ ተበላሸ፣ የውሃ ማሞቂያዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ፣ ነዋሪውም ካሳ ጠየቀ። በ1994 ሥርጭቱ ቆመ፤ በማግስቱ ዓመት መራጩ በድምፁ በቀጥታ ማከፋፈሉን ገደበ። ከተማዋ ውሃውን በአቭራ ሸለቆ መሬት ውስጥ አስርጋ፣ ከጉድጓድ ውሃ ጋር ቀላቅላ እንደገና መሳብ ግድ ሆነባት፤ ቅልቅሉ ለደንበኛ የደረሰው በ2001 ነው።

ይህን «ያልታሰበ አደጋ» ማለት ማምለጫ ነው። አዲስ ውሃ አሮጌ ቧንቧን ምን እንደሚያደርገው፣ ተነቅሎ በወጣ ቁራጭ ቧንቧ ላይ በርካሽ መሞከር ይቻላል። የቦይ መሐንዲስ ስሌቱን ከተማው በር ላይ ስለሚያቆም ግን የመንደሩ ቧንቧ የማንም ሒሳብ ሳይሆን ይቀራል።

ስሌቱ ደግሞ ቦዩ ዘወትር እንደሚሞላ ያስባል። የ1968ቱ ሕግ ግን በእጥረት ጊዜ ለካሊፎርኒያ ቅድሚያ ሰጥቷል። በ2022 አሪዞና ከኮሎራዶ ወንዝ የምታገኘው ድርሻ ሲቀነስ ከሁሉ በላይ የተጎዱት ቦዩን ተማምነው የሚያርሱ የፒናል አውራጃ ገበሬዎች ናቸው፤ የቦዩ ቋሚ ወጪ ግን አብሮ አይቀንስም፣ ለቀረው ውሃ ይካፈላል።