ሂትለርን ማን ሾመው?

ስለ ዴሞክራሲ ወግ በተነሣ ቁጥር አንዱ ጣልቃ ገብቶ «ሂትለርም እኮ በሕዝብ ተመርጦ ነው ሥልጣን የያዘው!» ማለቱ የተለመደ ነው። ይህችን አባባል ደጋግሜ ሰምቻታለሁ፤ ተጽፋም አንብቤያታለሁ። ብዙ ጊዜ የምትመጣው በክርክር ማሳረጊያ ላይ ነው፤ ከእርሷ ወዲያ መልስ የለም ተብሎ ስለሚታሰብ። ውስጧ ግን መርዝ አለ። ሕዝብ ምረጥ ቢሉት የሚመርጠው ሂትለርን ነውና ሥልጣን «በሚያውቁት» እጅ ይቆይ ማለቷ ነው። እኔ ግን ታሪኩ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው እላለሁ። ሂትለርን ወንበር ላይ ያወጡት እነዚያው «የሚያውቁት» ናቸው።

እስቲ ቁጥሮቹን እንይ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1928 ምርጫ ናዚዎች ያገኙት ከመቶ 2.6 ብቻ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ፣ የጀርመን ሥራ አጥ 6 ሚሊዮን ሲደርስ፣ ድምፃቸው በ1930 ወደ 18.3፣ በጁላይ 1932 ደግሞ ከ37 ከመቶ በላይ አሻቀበ። ቀላል ነገር አይደለም። ከ13 ሚሊዮን በላይ ጀርመናዊ ድምፁን ለጥላቻ ሰጥቷል፤ እርሱን ነፃ ላወጣ አልተነሣሁም። ይሁንና ከመቶ ከ60 የሚበልጠው መራጭ አልሰጠም! በዚያው ዓመት አፕሪል ሂትለር ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በሂንደንቡርግ ተሸንፏል። በኖቬምበሩ ምርጫ ደግሞ ፓርቲው 2 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አጥቶ ወደ 33.1 ከመቶ ወረደ። ካዝናው ተራቁቶ፣ አመራሩም እርስ በርሱ መነካከስ ጀምሮ ነበር።

ታዲያ ቁልቁል እየወረደ ያለ ፓርቲ መሪ ሦስት ወር ሳይሞላ እንዴት መራኄ መንግሥት ሆነ? መልሱ ያለው በድምፅ ኮሮጆ ውስጥ ሳይሆን በአንድ የባንክ ባለቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ከመራኄ መንግሥትነት የተነሣው ፍራንዝ ፎን ፓፐን፣ የተካውን ጄኔራል ሽላይኸርን ለመበቀል ጃንዋሪ 4 ቀን 1933 ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ከሂትለር ጋር በምስጢር ተገናኘ። የጋዜጣና የፊልም ከበርቴው ሁገንበርግም በኋላ ተጨመረ። የ85 ዓመቱን ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግን አግባብተው ጃንዋሪ 30 ቀን ሹመቱን አስፈረሙት። በካቢኔው ናዚዎቹ ሂትለርን ጨምሮ ሦስት ብቻ ስለነበሩ ገመዱ በእጃችን ነው ብለው ተማመኑ። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላዩም! ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ሽላይኸር በጥይት ተደበደበ፤ የፓፐን የቅርብ ረዳቶች ተገደሉ፤ ራሱም በቁም ታሰረ።

በሩ እኮ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ከ1930 ጀምሮ አገሪቱ የምትገዛው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48፣ ማለትም በፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነበር። በጁላይ 1932 ፓፐን የፕሩሲያን መንግሥት በአንድ ቀን ሲያባርር ሃይ ያለው የለም። ግራዎቹስ? በኖቬምበር 1932 ሶሻል ዴሞክራቶችና ኮሚኒስቶች በአንድነት 221 መቀመጫ ነበራቸው፤ ናዚዎች 196። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር፤ ኮሚኒስቶቹ ግን ሶሻል ዴሞክራቶቹን «ሶሻል ፋሺስቶች» እያሉ ይወርፏቸው ነበር።

ሂትለር ከተሾመም በኋላ፣ የፓርላማው ሕንፃ ተቃጥሎ፣ የዜጎች መብት በዐዋጅ ታግዶ፣ ተቃዋሚ እየታፈሰ በተካሄደው የማርች 1933 ምርጫ እንኳ ያገኘው 43.9 ከመቶ ነው። ግማሽ አልሞላም! ማርች 23 ቀን ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ያስረከበው ፓርላማው ራሱ ነው፤ ኮሚኒስቶቹ ድርሽ እንዳይሉ ተደርጎ በ444 ድምፅ ጸደቀ። የተቃወሙት 94ቱም ሶሻል ዴሞክራቶች ነበሩ።

ለእኛ ይህ የሩቅ ተረት አይደለም። የሂትለር አርአያ ሙሶሊኒም ወደ ሥልጣን የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በ1921 ከተመረጡት 535 የኢጣሊያ እንደራሴዎች ፋሺስቶቹ 35 ብቻ ነበሩ። በ1922 ሮምን ሊይዙ ሲመጡ ሠራዊቱ እንዲያቆማቸው የተዘጋጀውን ዐዋጅ አልፈርምም ብሎ መንግሥት እንዲመሠርት ሙሶሊኒን የጠራው ንጉሥ ቪቶርዮ ኢማኑኤል ነው። በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ የደረበውም ይኸው ንጉሥ! በአያቶቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው አገዛዝ የተወለደው ከቤተ መንግሥት እንጂ ከኮሮጆ አይደለም።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ያቺ አባባል ዳግመኛ ስትመጣ ዝም አትበላት። ሕዝብ ይሳሳታል፤ ሲራብና ሲቈጣም ከሦስቱ አንዱ ወደ አውሬ ጎራ ይሄዳል። አውሬውን ቤት አስገብተው ቁልፉን ያስረከቡት ግን ሕዝብን የናቁት፣ ቤቱም የእነርሱ ብቻ የመሰላቸው ሰዎች ናቸው። ሕዝብ አይታመንም የሚል ሰው ሲገጥምህ ማን ሾመው ብለህ ጠይቀው።