ዝም ያለው ሴል

በ1958 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል፣ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንዲት ድመት አንጎል ውስጥ ያለን አንድ የነርቭ ሴል በድምፅ ማጉያ ያዳምጡ ነበር። ነጥብ ደጋግመው ቢያሳዩት ዝም አለ። የመስታወት ስላይድ ወደ መሣሪያው ሲያስገቡ ግን የጠርዙ ጥላ በድመቷ ዓይን ፊት አለፈና ሴሉ በድንገት ተንጣጣ። ለካ ሲጠብቅ የነበረው ነጥብ ሳይሆን ያዘመመ መስመር ኖሯል! ሁለቱ ሰዎች በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ይህን ታሪክ በተማሪነቴ ሸምድጄ ፈተና አልፌበታለሁ። ነገር ግን ሰሙንና ወርቁን ሌላ ሰው ፈትቶ የሰጠው ሰው ፍቺውን ያውቃል እንጂ ቅኔውን ቀምሶታል አይባልም። የእኔም ዕውቀት እንደዚያው ነበር።

ዛሬ ለነርቭ ሳይንስ ተማሪዎች ኮድ መጻፍ አስተምራለሁ። ለማስተማሪያ ተብሎ የተፈበረከ ቁጥር ግን አልሰጣቸውም። በሲያትል የሚገኘው የአለን የአንጎል ሳይንስ ተቋም ከ2016 ጀምሮ ከአይጦች አንጎል የመዘገበውን መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት አድርጓል። አይጦቹ በስምንት አቅጣጫ የሚንቀሳቀሱ ሸንተረሮችን ተመልክተዋል፤ የኦርሰን ዌልስን የ1958 ፊልም፣ የ«ተች ኦቭ ኢቭል»ን መክፈቻ ትዕይንት ሳይቀር አይተዋል። ሴሎቻቸው ሲነቁ የፈነጠቁት ብርሃን በቁጥር ተቀምጧል። ተማሪው ውድ ማይክሮስኮፕም ሆነ ቀዶ ሕክምና አያሻውም፤ ኮምፒውተርና ጥቂት የፓይተን መስመሮች ይበቁታል።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የደረሳትን ሴል ለስምንቱም አቅጣጫዎች የሰጠውን ምላሽ አማካይ አሰላች። ግራፉ እንደ ሜዳ ለጥ ያለ ሆነ። «ኮዴ ተሳስቷል» ብላ ምሽቱን ሙሉ መስመር በመስመር ስትፈትሽ አመሸች። ኮዱ ትክክል ነበር፤ ዝም ያለው ሴሉ ነው። በ2020 የታተመው የተቋሙ ጥናት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሴሎችን መርምሮ፣ ትልቁ ቡድን ከታዩት ምስሎች ለአንዱም አስተማማኝ ምላሽ የማይሰጥ መሆኑን ገልጿል። እኔ የሸመደድኩት መጽሐፍ የሚናገሩትን ሴሎች እንጂ ዝም ያሉትን አላስተዋወቀኝም።

«አሁን ማሽኑ ራሱ ኮድ ይጽፍ የለም ወይ? ስለምን እንደክማለን?» የሚሉኝ አሉ። በርግጥ ያችን ኮድ ማሽን በቅጽበት ይጽፋት ነበር። ዳሩ ግን ያ ዝምታ ከስሕተት የመጣ ነው ወይስ ከሴሉ? ይህን ለመለየት የእያንዳንዱን መስመር ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በራሷ እጅ ባትጽፈው ኖሮ ወይ ግራፉን ሳትጠራጠር ትቀበለው፣ ወይ «የማይረባ ሴል ነው» ብላ ትጥለው ነበር። ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለውን ምሽት እንዳያጡት እፈራለሁ።

በማግስቱ ግራፏን ይዛ መጣችና፣ «ታዲያ ይህ ሴል ምን እየጠበቀ ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። አጠገቧ ተቀምጬ ፊልሙ የታየበትን መዝገብ አብረን ከፈትን።