የሰው ወርቅ አያደምቅ

ዴንቨር የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ በመስከረም 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ደውሎ «ኮሎራዶ እኮ ነገሠች!» አለኝ። ወሬው ስለ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ነው። ያው እነሱ ፉትቦል የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ሳይሆን፣ የራስ ቁር ደፍተው፣ ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው የሚላተሙበትን ጨዋታ ነው። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ድል! «አሰልጣኙ ተአምረኛ ነው» አለ ወዳጄ። እኔ ያን ጊዜም አልተዋጠልኝም ነበር። ዛሬ የሦስት ዓመቱ ሂሳብ ሲታይ ደግሞ ጥርጣሬዬ መሠረት ነበረው ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ በ2022 ከ12 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ዲዮን ሳንደርስን ለአምስት ዓመት በ29.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረ። ሰውየው ቀላል ሰው አይደለም። በተጫዋችነት ዘመኑ ሁለት ጊዜ ሱፐር ቦል ወስዷል። ጃክሰን ስቴት በተባለው ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆኖም በሦስት ዓመት 27 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 6 ጊዜ ብቻ ነው። ይህን የሚክድ የለም።

ታዲያ ገና ሲገባ ለተጫዋቾቹ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? የራሴን ሻንጣ ይዤ ነው የምመጣው፣ ሻንጣውም ውዱ ሉዊ ነው አላቸው። ስለዚህ ስማችሁን የዝውውር መዝገብ ውስጥ አስገቡ አለ። ይህን ሲናገር ካሜራ እየቀረፀው ነበር። ወጣቶቹም ሰሙት። ከ50 በላይ የሚሆኑት ለቀው ሄዱ፣ ከ80 በላይ አዳዲስ ተጫዋቾች ገቡ። ከሻንጣው ውስጥ ሁለቱ ልጆቹ ሸዱርና ሻይሎ፣ እንዲሁም በማጥቃቱም በመከላከሉም የሚሰለፈው ትራቪስ ሀንተር ነበሩበት።

ልብ በሉ፣ የተባረሩት ተማሪዎች ናቸው። ያን ጊዜ የነበረው ደንብ አዲስ ዋና አሰልጣኝ በመጀመሪያው ዓመት ያልፈለገውን ተጫዋች ከቡድኑ እንዲቀንስ ይፈቅድለት ነበር። ልጁ እዚያው መማር ከፈለገ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ወጪውን መሸፈኑን ይቀጥል ነበር። ወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። ግን ኳስ ብሎ ከቤቱ የወጣን የ19 ዓመት ልጅ «ወይ ኳሱን፣ ወይ ትምህርት ቤትህን ምረጥ» ማለት ምርጫ ነው?

ወደ ውጤቱ እንምጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ በዚያው ዓመት ጥር ለዋንጫ ደርሶ የነበረውን ቲሲዩን በሜዳው 45 ለ42 አሸነፉ። ሸዱር በዚያ ቀን 510 ያርድ ወረወረ። ነብራስካን 36 ለ14 ረቱ። ኮሎራዶ ስቴትን በጭማሪ ሰዓት 43 ለ35 አሸነፉ፣ ሀንተር ግን ጉበቱ ተጎድቶ ወጣ። አገር ምድሩ ስለ ሳንደርስ ማውራት ጀመረ። በሳምንቱ ኦሪገን 42 ለ6 ቀጣቸው።

ጉዱ የታየው ግን ከስታንፎርድ ጋር ነው። በገዛ ሜዳቸው ግማሹን ጨዋታ 29 ለ0 መርተው፣ በሁለተኛ ጭማሪ 46 ለ43 ተሸነፉ። ከዚያ ጀምሮ አንድም አላሸነፉም። በ4 ድልና በ8 ሽንፈት የምድባቸው ጭራ ሆነው ጨረሱ።

ለምን? ሳንደርስ ያመጣቸው ጌጦች ናቸው፣ ምሰሶ አላመጣም። ከሸዱር ፊት ቆመው ሊከላከሉለት የሚገቡት ግዙፎቹ ወንፊት ሆኑበት። ልጁ በአንድ የውድድር ዘመን ኳሷን ሳይወረውር ከ50 ጊዜ በላይ ተይዞ ተጣለ። አባት ግን ምን አደረገ? በኅዳር ወር የማጥቃቱን ስልት ይመራ የነበረውን ረዳቱን ከኃላፊነቱ ገለል አድርጎ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

«አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ተረክቦ ምን ያድርግ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከአንድ ድል ወደ አራት መሄድ ለውጥ ነው። በ2024ማ ቡድኑ 9 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፣ ሀንተርም ትልቁን የሄይስማን ሽልማት ወሰደ። ዩኒቨርሲቲውም በ2025 መጋቢት ውሉን አድሶ 54 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ።

ከዚያስ? ሀንተርና ሁለቱ ልጆቹ ሄዱ። በ2025 ቡድኑ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ይኸው ነው! ጌጡ ሲወልቅ አንገቱ ባዶ ቀረ። አሰልጣኝ የሚመዘነው ይዞት በመጣው ሰው አይደለም፣ ያገኘውን ሰው ምን አደረገው ተብሎ ነው። ከታች ያሉትን አስተምሮ ያሳደገ፣ ዋናዎቹ ሲሄዱ ተተኪ አያጣም። ዩኒቨርሲቲው ስታዲየሙ ሞላልኝ፣ ትኬቱ አለቀልኝ ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። ስታዲየም መሙላትና ቡድን መሥራት ግን ለየቅል ናቸው።

ያ አብሮ አደጌ ሰሞኑን ደውሎ ነበር። ስለ ኳስ ትንፍሽ አላለም፣ እኔም አልነካካሁትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስለ ሉዊው ሻንጣ ያልተባለ፣ ያልተጻፈ ነገር የለም። የራሳቸውን ሻንጣ ሸክፈው ስለወጡት ልጆች ግን ማን አወራ?