ከቀለሙ ሥር ያለውን እንመልከት፦ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ለመግዛት ላሰቡ

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን በእጃቸው ሙያ ሠርተው ለማደር ለሚጥሩ ወጣቶችና እነርሱን ለሚያግዙ ወላጆች የሚጠቅም አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። እርሱም ያገለገለ የአየር መጭመቂያ፣ በተለምዶ ኮምፕሬሰር የምንለውን መሣሪያ፣ ገዝቶ በግቢ ውስጥ ስለመትከል ነው።

እንደ መቂ ባለች ከተማ ኮምፕሬሰር የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆኗ የጎሚስታ ሥራ አይጠፋባትም። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭኑ አይሱዙዎች፣ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ጎማ ያስሞላሉ። የብረት በርና መስኮት የሚበይደው ባለሙያ ቀለም ይረጭበታል፤ የመስኖ ፓምፕ የሚጠግነው መካኒክም አቧራ ያራግፍበታል። አዲሱን ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ወጣት ታዲያ አሮጌውን ከአዳማ፣ ከአዲስ አበባው ምናለሽ ተራ ወይም ሥራውን ከተወ ሰው ይፈልጋል። ይህ የሚያስመሰግን ጥረት ነው። ሰው ከገዛ እጁ ሥራ ካገኘው የተሻለ ምግብ እንደማይበላና የአላህ ነቢይ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

ይሁን እንጂ የአሮጌ ኮምፕሬሰር ትልቁ ጉድለት ከዓይን የተሰወረ ነው። ሞተሩ ቢቃጠል ይጠቀለላል፤ ቺንጋው ቢበጠስ ይለወጣል፤ የፒስቶኑ ፋሻ ቢያልቅ ይቀየራል። አየሩን የሚይዘው ታንከር ከውስጥ በዝገት ከተበላ ግን ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ይሆናል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ታንከሩ ይታይ እንላለን።

ታንከሩ ለምን ይበላል?

አየር ውስጥ ምንጊዜም እርጥበት አለ። አየሩ ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ታንከር ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥበቱ ውኃ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ውኃ በየቀኑ በማፍሰሻው ካልወጣ የታንከሩን ሆድ ከውስጥ እየበላ ያሳሳዋል። ከውጭ የሚታየው ግን ያው ቀለም ነው። 100 ሊትር የሚይዝ ታንከር በ8 ባር ሲሞላ በውስጡ የታመቀው ጉልበት፣ 1000 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ካላት ጉልበት ጋር ይቀራረባል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሳሳውን ብረት ቀዶ በቅጽበት ሲወጣ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም። በተለይ ልጆች በሚጫወቱበትና እናቶች በሚያበስሉበት ግቢ ውስጥ ሲሆን አደጋው ከባለቤቱ አልፎ ለቤተሰቡ ይተርፋል።

የሻጭ አደራ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ገለጹ። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። የዛገና የተጠገነ ታንከር ላይ አዲስ ቀለም ቀብቶ ዝም ማለት ከዚህ በምን ይለያል? ሻጭና ገዢ እውነት ተነጋግረው ጉድለቱን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተላልፏል። በመሆኑም ሻጭ ወንድማችን፣ ታንከሩ ተበይዶ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ታንከሩ የማይረባ ከሆነም ሞተሩንና የአየር ፓምፑን ለብቻ ይሽጡ፤ ታንከሩ በስተው ለቁርጥራጭ ብረት ይሁን።

ገዢውም ቢሆን መብት አለው። ከሽያጩ በፊት የነበረና የተደበቀ ጉድለት ሲገኝ ዕቃውን መመለስ እንደሚቻል የፊቅህ ሊቃውንት ኺያረል ዐይብ በሚለው ርዕስ ሥር አስተምረዋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሆኖም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ መቂ የገባን ዕቃ መልሶ ማስጫን ራሱ ወጪ ስለሆነ፣ ምርመራው ከመጫኑ በፊት ይሁን።

ከመክፈልዎ በፊት

አንደኛ፣ በታንከሩ ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ይፈልጉ። የሊትሩ መጠን፣ ከፍተኛው ግፊትና የተሠራበት ዓመት ይጻፍበታል። ሰሌዳው ከሌለ ታንከሩ ስንት ባር እንደሚችል የሚያውቅ የለምና ቢተዉት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ የታችኛውን ማፍሰሻ ይፍቱ። ቀይ ጭቃ የመሰለ ውኃና የዝገት ቅርፊት ከወረደ ውስጡ ተበልቷል። የሆዱንና የእግሮቹን ብየዳ በእጅ እየዳሰሱ ይመልከቱ። በታንከሩ አካል ላይ የብየዳ ልጥፍ ካለ አይግዙ።

ሦስተኛ፣ ከተቻለ ታንከሩ በውኃ ይፈተን። ታንከሩ አየር ሳይቀርበት በውኃ ተሞልቶ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ይጫንበታል፤ ለ8 ባር 12 ባር ማለት ነው። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ብረቱ ቢሰነጠቅ ይፈስሳል እንጂ አይፈነዳም። ይህንን የሚሠራው ግን ሙያው ያለው ሰው ነው።

አራተኛ፣ የፓምፑን ዘይት ይዩ። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ደግሞ መፋቁን ያሳያል።

አምስተኛ፣ ሰዓት ይዘው ያስሞሉት። 100 ሊትር ታንከር ከ4 ወደ 7 ባር ሲደርስ 300 ሊትር ያህል አየር ገብቷል፤ 3 ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 100 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ለጎማ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ የቀለም መርጫ ግን እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 400 ሊትር ይፈልጋል። መቂ ከባሕር ጠለል 1600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ መሣሪያው በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም። ከዚያ አጥፍተው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ጌጁ ከወረደ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ያስተነፍሳል።

ስድስተኛ፣ ግፊቱ ሲሞላ ሞተሩ ራሱ ማቆም አለበት። ሴፍቲ ቫልቩም ቀለበቱ ሲሳብ አየር መልቀቅ አለበት። የታሰረ፣ የተደፈነ ወይም በቡሎን የተተካ ሴፍቲ ቫልቭ ካዩ ወዲያውኑ በአዲስ ይለወጥ። ከታንከሩ አቅም በላይ በሆነ ግፊት የሚከፈት ቫልቭ ግን ከመደፈን አይሻልም።

ስለ ክፍያውም አንድ ነገር እንበል። በአካባቢያችን ቀሪውን ሽንኩርቱ ሲሸጥ እከፍላለሁ ማለት የተለመደ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ እንዲጻፍ አዝዟል። ስለዚህ መጠኑና የመክፈያው ቀን ተለይቶ፣ የተነገረውም ጉድለት ተጠቅሶ፣ ምስክሮች ባሉበት ይጻፍ። ይህ ወንድማማችነትን ይጠብቃል እንጂ አያሻክርም።

በግቢ ውስጥ ሲተከል

በመጀመሪያ መብራቱን ይጠይቁ። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በተራው የቤት ቆጣሪ አይሠራም። ባለ አንድ ፌዙም ቢሆን፣ 3 የፈረስ ጉልበት ያለው 2200 ዋት ገደማ ሲሆን ሲነሳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይስባል። ስለዚህ ለብቻው ብሬከርና ወፍራም ሽቦ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዘርጋለት፤ የመሬት መስመርም ይኑረው። መብራት ሲሄድ ማብሪያው ይጥፋ፤ አለበለዚያ ሲመለስ ማንም ሳያስበው ይነሳል።

መሣሪያው ጥላ ባለበት፣ በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ፣ ከእግሩ ሥር ጎማ ተደርጎለት ይቀመጥ። ነፋስ እንዲያገኘው ከግድግዳ ይራቅ። የመቂ አቧራ ብርቱ ነውና የአየር ማጣሪያው በየሳምንቱ ይጽዳ። ቺንጋውና ፑሌጃው የልጅ ጣት በማያስገባ ወንፊት ይሸፈኑ። ለመስኖ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ቧንቧ ለአየር መዘርጋት አይገባም፤ በአየር ሲፈነዳ እንደ ብርጭቆ ይበተናል። ለአየር የተሠራ ጎማ ቱቦ ወይም የብረት ቧንቧ ይጠቀሙ። አየሩን በቀልድ እንኳ ወደ ሰው ሰውነት መልቀቅ ዓይንና ጆሮን ከመጉዳት አልፎ አንጀት ሊቀድ እንደሚችል ለልጆችና ለረዳቶች ይነገራቸው።

ማታ ሥራ ሲያልቅ ውኃውን ማፍሰስ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ታንከሩን ለዓመታት የሚያቆየው ይህ ትንሽ ልማድ ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ አንድ ሰው ኃላፊ ይሁንበት።

ጎረቤትም ሐቅ አለው። ጎረቤቱ ከክፋቱ የማይድንበትን ሰው ኢማን አስመልክቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ማስጠንቀቂያ መስጠታቸው ይታወቃል። አራስ ወይም ሕመምተኛ ካለ ይጠየቅ፤ በሌሊት አይሥሩ፤ አዛን ሲሰማ ይጥፋ።

ውድ አንባቢያን፣ ርካሽ ታንከር የገዛ ሰው የተረፈው ገንዘብ ያስደስተው ይሆናል። ነገር ግን አጠገቡ ቆሞ ጎማ የሚያስሞላው ደንበኛና ከጀርባው የሚሮጠው ልጅ የእርሱ አደራ ናቸው። ታንከሩን ሳይመረምሩ በተወኩል ማሳበብ አይገባም፤ ግመሉን አስሮ መመካት የተማርነው ነውና። አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ ቤተሰቦቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።