የጓሮ ኤሌክትሪክና የአዳማ ነፋስ
በአዳማም ሆነ በባቱ፣ በእጅ የተገጣጠመ የጓሮ መብራት ወይም የውኃ ማጠጫ መቆጣጠሪያ ከቤት ሶኬት በተዘረጋ የ220 ቮልት ገመድ እንዲሠራ ማድረግ አላስፈላጊ ድፍረት ነው፤ እርጥብ አፈር ላይ የቆመ ሰው ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይሆናልና። ፀሐይ በማይጠፋበት ስምጥ ሸለቆ በአነስተኛ የፀሐይ ፓነል የሚሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ይበቃል። ባትሪውም ቢሆን ሽቦዎቹ ሲነካኩ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ከፖዘቲቭ ጫፉ አጠገብ ፊውዝ፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍበት ቀልጦ መሥመሩን የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ፣ ሊገጠምለት ይገባል። የክረምቱን ዝናብ ሁሉም ያስባል፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተከለው የአዳማ ነፋስ የሚያነሣው አቧራ ግን ይዘነጋል። ሁለቱንም እንዲከላከል በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ሙጫው በፀሐይ ይለቃል፤ ጥርቅም ተደርጎ የታሸገ ሣጥን ደግሞ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የውስጡ እርጥበት ጠብታ ስለሚሆን፣ ከታች በኩል በወንፊት የተሸፈነ ጠባብ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።