የክሪሚያ ስም በጎንደር ጽድ ላይ

በሰሜን ጎንደር ደጋ ያረጀ ጽድ ግንዱ ላይ የፈረስ ሰኮና የመሰለ ጠንካራ እንጉዳይ ሲያበቅል ባለአገሩ «በስብሷል፣ ይቆረጥ» ይላል። ባለሙያው መጽሐፍ ይገልጥና ፓይሮፎምስ ዴሚዶፊ የሚል ስም ይሰጠዋል። ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የገለጸው ፈረንሳዊው ሌቬዬ ነው፤ ናሙናው የመጣውም ዴሚዶፍ የተባለው ሩሲያዊ ባለጸጋ ወደ ክሪሚያ ካደረገው የጥናት ጉዞ ነው። የክሪሚያ ጽድና የእኛ ጽድ ግን ሁለት ዛፎች ናቸው። የበሉትስ እንጉዳዮች አንድ ናቸው?

አሁን መልሱ ቀላል ነው ይባላል፤ ጂኑን ያነበበ ስሙን ያገኛል፣ ማይክሮስኮፕና የደረቀ ናሙና የአያቶች ሥራ ነው። ይህ አባባል ከአሮጌው የአውሮፓ መጽሐፍ የበለጠ ያሳስተናል።

የጂን ጥናት የሠራውን አልክድም። ዓለሙ ገዛኸኝና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት በአገራችን የተተከሉ ደኖችን ሥር የሚያበሰብሰውን አርሚላሪያ በጂን መርምረው ፉሲፒስ የተባለው ዝርያ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በፊት በአገራችን የበሽታ መዝገብ የሰፈረው ሜሊያ የሚለው የአውሮፓ ስም ነበር። አርሚላሪያ እንጉዳዩን እምብዛም ስለማያወጣ በዓይን መለየቱ አስቸጋሪ ነው፤ ያለ ጂን ያ ስህተት ዛሬም በቦታው ይኖር ነበር።

ግን ጂን አንባቢው ማሽን ዝርያውን አያውቀውም። የሚያነበው አንዲት አጭር የጂን ቁራጭ ነው፤ በ2012 ለፈንገሶች ሁሉ መለያ ሆና የተመረጠችውን አይቲኤስን። ከዚያ በዓለም አቀፍ የጂን መረጃ ቋት ውስጥ በጣም የሚቀርባትን ይፈልጋል። ቋቱን የሞሉት በአብዛኛው ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከምሥራቅ እስያ የተሰበሰቡ ናሙናዎች ስለሆኑ፣ የሰሜን ጎንደሯ ደባርቅ እንጉዳይ ቅርብ ዘመድ ሲፈለግለት የሚገኘው ባሕር ማዶ ነው። አሮጌው መጽሐፍ የሰጠንን የፈረንጅ ስም ማሽኑም ይደግመዋል፤ ልዩነቱ አሁን በቁጥር ታጅቦ ስለሚመጣ ማንም አለመጠየቁ ነው። ቋቱ ራሱም ንጹሕ አይደለም፤ በ2006 የወጣ ጥናት ከፈንገስ መዝገቦቹ እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት የተሳሳተ ስም ሊይዙ እንደሚችሉ ገምቷል። በዚያ ላይ ጋኖደርማ በሚባለው የእንጨት እንጉዳይ ወገን አንዳንድ የቅርብ ዘመዶችን ይህች ቁራጭ ጨርሳ አትለያቸውም።

ዓይንም ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ለማስተባበል አልተነሣሁም። እንግሊዛዊው ከርቲስ በ1781 የገለጸው ጋኖደርማ ሉሲደም ስሙ የሚያብረቀርቅ ቀይ እንጉዳይ ሁሉ ላይ ተለጥፎ ዓለምን ዞረ፤ የቻይናው የመድኃኒት እንጉዳይ ሌላ ዝርያ መሆኑን ያጋለጠው ጂን ነው። እንጨትን ነጭ የሚያደርግና ቡናማ የሚያደርግ ብስባሴ የሚለው የቆየ ክፍፍልም በ2014 የ33 ፈንገሶች ጂኖም ሲነጻጸር ክፉኛ ተናግቷል።

የምቃወመው ግን ናሙናውን መጣሉን ነው። ከእንጉዳዩ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተቆርሳ ወደ ውጭ አገር ትላካለች፣ የተረፈው ይጣላል። የበቀለው በጽድ ወይስ በወይራ ላይ፣ በቁም ዛፍ ወይስ በወደቀ ግንድ፣ በስንት ሜትር ከፍታ? ሲሰበር ሥጋው የጡብ ቀለም ነበረው? የስፖሩ ግድግዳ ስንት ማይክሮን ነው? እነዚህን ያልያዘ የጂን ጽሑፍ ነገ ሌላ ሰው ሲጠራጠር ማረጋገጫ የለውም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ ሲያልቅ የቆመው በየወረቀቱ ተለጥፎ በተቀመጠ ደረቅ ናሙና ላይ ነው። ፈንገስ በዚያ መጽሐፍ የለም፤ ተክል አይደለምና ቦታውም አይደለም። ያንን የሚያህል የራሱ መጽሐፍ ግን ሊኖረው ይገባል፣ መጽሐፍ ደግሞ ከማሽን አይወጣም።

«ስም ቢሳሳት ማን ሞተ?» የሚል አለ። ዛፉ ነዋ! የቁም ጽድን መሐል የሚበላ ፈንገስ የሚያጠቃው በአብዛኛው የሞተውን ልብ እንጨት ነው፤ ውኃ የሚያሳልፈው የውጩ ክፍል እስከቆየ ድረስ ዛፉ ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ሥር የሚያበሰብሰው ግን ሌላ ነው፤ ያንን ዛፍ ነፋስ ሳይታሰብ ሊጥለው፣ በሽታውም በሥር ወደ ጎረቤቱ ሊሻገር ይችላል። ከጎንደሩ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጽዶች አንዱ ነገ እንጉዳይ ቢያወጣ፣ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት፤ ለመለየትም ጂኑም የደረቀው ናሙናም በአንድ መዝገብ ቁጥር፣ እዚሁ አገር ተቀምጠው መገኘት አለባቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚገመግሙ መምህራን ናሙናውን በዕፅዋት ቤተ መዘክር ያላስቀመጠ ተማሪ የዘረዘረውን የዝርያ ስም ባይቀበሉት ሥራው በአንድ ዓመት ውስጥ ይለወጣል።