ሶፍ ዑመርና ሜጫራ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም

በባሌ የዌይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ይገባና ከመሬት በታች ተጠማዝዞ በሌላ በኩል ይወጣል። በመንገዱ የፈለፈለው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 42 መግቢያዎች እንዳሉትም ተመዝግቧል። በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሜጫራ አካባቢ ደግሞ አቸሬን፣ አይናጌንና ሩኪኤሳን የመሳሰሉ ዋሻዎች አሉ። ሁሉም የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ናቸው፤ ጎብኚ የመሳብ አቅምም አላቸው። የሚሹት ጥበቃ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ መንገድ ከመጠረጉና መብራት ከመዘርጋቱ በፊት እያንዳንዱ ዋሻ በራሱ ሊመዘን ይገባል።

የሜጫራ ዋሻዎች ትልቁ ሀብት የጠብታ ሥራ ነው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ያዘለውን ኖራ እየተወ ከወለሉ ወደ ላይ ስታላግማይት ይገነባል። ስታላግማይቱ እንደ ዛፍ ግንድ በንብርብር ስለሚያድግ የጥንቱ ዝናብ መብዛትና ማነስ በውስጡ ተጽፎ ይቀራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህንኑ መዝገብ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ድርቅ ለሚመላለስበት አገር እንዲህ ያለው እውቀት በመግቢያ ትኬት ዋጋ የሚተመን አይደለም። ለማስታወሻ ተብሎ የተሰበረ አንድ ጫፍ ደግሞ በሰው ዕድሜ መልሶ አያድግም።

ሶፍ ዑመር ከዚህ ይለያል። አዳራሾቹ ሰፋፊ ናቸው፣ በብዙ መግቢያዎቹ አየር ይመላለስበታል፣ ወንዙም ወለሉን ያጥበዋል። በቀላሉ የሚሰበር የጠብታ ጌጥ ብዙ የለበትም። ከሜጫራ ይልቅ ብዙ ሰው ማስተናገድ ይችላል ማለት ነው። ስጋቱ ሌላ ነው፦ የክረምት ሙላት፣ ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጣ ቆሻሻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቦታው ክብር። ዋሻው በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ የጸሎት ስፍራ ነው፤ ሙስሊም ምዕመናን ዛሬም ይሰበሰቡበታል። ለጎብኚው የሚመች ደረጃና መብራት ለምዕመኑ የማይመች ሊሆን ይችላል።

ሳይመዝኑ መክፈት የሚያስከፍለውን ዋጋ ፈረንሳይ አይታዋለች። በጥንት ሥዕሎቹ የታወቀው የላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ። በቀን እስከ 1,200 ሰው ይገባበት ነበር። የጎብኚዎቹ ትንፋሽ የዋሻውን አየር ለወጠው፣ መብራቱ አልጌ አበቀለ፣ ሥዕሎቹም መጎዳት ጀመሩ። በ1963 ተዘጋ፤ ከ1983 ጀምሮ ሕዝቡ የሚያየው ቅጂውን ነው። የስሎቬንያው ፖስቶይና በአንጻሩ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ቢረዝምም ጎብኚው የሚያየው 5 ኪሎ ሜትር ገደማውን ነው።

ለኢትዮጵያም የሚበጀው የሚከፈተውን ከሚዘጋው የሚለየው ይኸው ክፍፍል ነው። ምዘናው ሳይንሳዊ ዋጋን፣ ተሰባሪነትን፣ ባህላዊ ክብርንና ለጉብኝት ያለውን ምቹነት ለየብቻ ነጥብ ይስጥ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ውጤት ከሆነ ለምርምር እጅግ ውድ የሆነው ዋሻ "አንደኛ ወጣ" ተብሎ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ይሆናል። የዋሻው ሙቀት፣ እርጥበትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ጎብኚ ሳይበዛ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ይለካ፤ አለበለዚያ ጉዳቱ ሲመጣ የሚነጻጸርበት አይኖርም።

ጊዜውም አሁን ነው። ሶፍ ዑመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡም ወደ ባሌ የሚያቀናውን ጎብኚ ማብዛቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ የኦሮሚያ ክልልና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዋሻዎቹን ጠባቂ ሽማግሌዎች ይዘው የምዘናውን ውጤት ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ። በውጤቱም የቀን ጎብኚ ቁጥር፣ የሚዘጉ ክፍሎችና ለአካባቢው ነዋሪ የሚደርሰው የገቢ ድርሻ ለየዋሻው ተለይተው ይወሰኑ፤ ያ ሳይሆን የግንባታ ፈቃድ አይሰጥ።